ጣርማ በርን የምትወርድ ቮልስ

(በደብረ ብርሃን ለቴክኒክና ሙያ ሰልጣኞችና ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ውርጭ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ስትገቡ በሩ አጠገብ የቆመችውን ሰማያዊ ቮልስ አይታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራች ናት። አባቴ ሁለተኛ እጅ ሆና ነው የገዟት፤ ጤና ረዳት ነበሩና በእሷ መንዝና ይፋት ሲመላለሱ ኖሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ግቢ ውስጥ ቆመች። ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ዛሬ በራሷ ጉልበት መጥታለች።

መካኒክ አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሥራውን የሠራሁት ቅዳሜና እሑድ፣ ከትንሿ ልጄ ጋር፣ አልፎ አልፎም ሰፈራችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት መካኒክ እየመጡ እያረሙን ነው። አራት ዓመት ፈጀብን። ከአዘጋጆቹ አንዱ ወጣት ደግሞ «ስለ ሆት ሮድም ይንገሩን፤ ልጆቹ በስልካቸው እያዩ እንዲህ ዓይነት መኪና መሥራት ይመኛሉ» ብሎኛል። ደስ ብሎኝ እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም የኔ ቮልስና የእነሱ ሆት ሮድ ዘመዳሞች ናቸው።

ሆት ሮድ ማለት አሮጌና ርካሽ መኪና ወስዶ፣ በገዛ እጅ ፈታቶ፣ የማያስፈልገውን ጥሎ፣ ሞተሩን አበርትቶ ፈጣን ማድረግ ነው። ነገሩ የተጀመረው በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ሥራ በጠፋበት በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። እዚያ ሙሮክና ኤል ሚራዥ የሚባሉ የደረቁ የሐይቅ ወለሎች አሉ፤ እንደ ምጣድ የተስተካከሉ፣ ዛፍም ድንጋይም የማይታይባቸው ሜዳዎች። ወጣቶቹ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ያረጀ ፎርድ ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 3.6 ሊትር ሞተር በርካሽ መኪና ላይ ገጥሞ ማንም ተራ ሰው እንዲገዛው አደረገ። 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ልጆቹ ፓራፋንጎውን ፈትተው ጣሉ፤ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር አንድ በነበረበት ሁለት ገጠሙ፤ የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ የቴስታታውን፣ ፊት በማሽን አሳስተው ጭመቃውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ሐይቁ ወለል ላይ ወርደው ሰዓት እየያዙ ተወዳደሩ። በ1937 የራሳቸውን የሰዓት ለኪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1949 ወደ ቦንቪል የጨው ሜዳ ተሻገሩ። በ1955 ሸቭሮሌ ቀለል ያለ 4.3 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሲያወጣ ደግሞ በፎርድ ገላ ውስጥ የሸቭሮሌ ሞተር ማስገባት የተለመደ ሆነ።

ይህን ሁሉ በስልካችሁ ላይ ታዩታላችሁ። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ ግን ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ነው። ፎርድ እስከ 1938 ፍሬኑን የሚያሠራው በዘንግ ነበር፤ በዘይት የሚሠራ ፍሬን የገጠመው በ1939 ሞዴሉ ላይ ነው። የሆት ሮድ ልጆች ምን አደረጉ? ከ1939 ወዲህ የተሠሩና ተጋጭተው የተጣሉ ፎርዶችን እየፈለጉ ፍሬናቸውን ከነታምቡሩ፣ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት ጋር፣ ፈትተው በ1932ቱ መኪናቸው ላይ ገጠሙ። ፋብሪካው ከሠራው በላይ የሚሮጥ መኪና ፋብሪካው ከሠራው በላይ መቆም እንዳለበት ገብቷቸው ነበር። ሁለተኛው የሚደንቀኝ ነገር፣ መኪናቸውን የሠሩት ለሚነዱበት መሬት መሆኑ ነው። ሜዳው ደረቅ ስለሆነ ፓራፋንጎ አላስፈለጋቸውም። ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉልበት ላይ አተኮሩ። እኔና እናንተ ግን የሐይቅ ወለል የለንም። ያለን መንገድ ሌላ ነው፤ ፓራፋንጎውን ፈትቶ የጣለ ሰው በሐምሌ ከሰላ ድንጋይ ወደ መንዝ ቢነሳ ጭቃው መስታወቱን ሸፍኖት መንገዱን አያየውም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል፤ መኪናህ የት ነው የምትሄደው?

የኔ ቮልስ የምትሄደው በጣርማ በር ነው።

መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህ ተነስተን ጉዶ በረትን አልፈን ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተን ጣርማ በር እንደርሳለን፤ ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ ስንሻገር መሬቱ ከእግራችን ሥር ይጠፋል። ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት፤ እዚያ ስንደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን። በሁለት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከጋቢ ወደ ከነቴራ እንሸጋገራለን። ከዋሻው እስከ ሮቢት በከፍታ 1,700 ሜትር ያህል ወረድን ማለት ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው፤ የድሮ ልማዴ ነውና ታገሱኝ። አራት ሰው የጫነች ቮልስ አንድ ቶን ያህል ትመዝናለች። አንድ ቶን 1,700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ16 ሚሊዮን ጁል ይበልጣል። ይህ ሙቀት ከሃምሳ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ማለት ነው። ነፋሱና ጎማው ጥቂቱን ይወስዱታል። ማርሽ ከያዛችሁ ሞተሩም ድርሻውን ይወስዳል። የቀረው በሙሉ የሚገባው አራት የብረት ታምቡር ውስጥ ነው።

ይህን ሒሳብ የሠራሁት ከደረሰብኝ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ልሠራው ይገባኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሞተሯ ተነሳ፣ ቀለሟም ተቀባ። ታምቡሩን ከውስጥ እየተጫኑ የሚያቆሙትን የፍሬን ሸራዎች በፊት ጎማዎቹ በኩል በአዲስ ስለቀየርኩ የፍሬን ጉዳይ ያለቀ መሰለኝ። ባለቤቴን፣ ልጄንና የባለቤቴን እህት ይዤ ሮቢት ሠርግ ልሄድ ተነሳሁ። ዋሻውን አልፈን ደብረ ሲናን ለቅቀን ወረድን። በሦስተኛ ማርሽ እየነዳሁ በየመታጠፊያው ፍሬን እነካለሁ። አንድ መታጠፊያ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ለሰለሰብኝ። ደግሜ ስረግጥ ወለሉን ነካ። ምንም የለም። ፊት ለፊቴ ጭነት መኪና ነበር። ወደ ሁለተኛ ማርሽ በግድ አስገባኋት፤ ሞተሯ ጮኸች፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ በተራራው በኩል ወዳለው ቦይ አስጠግቼ ጎማዋን ጠርዙ ላይ አሻሸሁት። ቆመች። የተቃጠለ ሸራ ሽታ መኪናውን ሞላው። ማንም አልተናገረም። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ስናበቃ ፔዳሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ጠነከረ።

በማግሥቱ ለጋሼ ስነግራቸው ያቀረቡልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «የፍሬን ዘይቱን መቼ ቀየርከው?» አሉኝ።

አልቀየርኩትም ነበር። ከአባቴ ዘመን የቀረ ዘይት ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ የሚጠጣ ነገር ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የጠጣው 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ሳይሆን ይጨመቃል። የረገጣችሁት ሁሉ አረፋውን በመጭመቅ ያልቃል፣ ሸራው ዘንድ አይደርስም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ስለሚሆን ፔዳሉ ይጠነክራል፤ መኪናውን ጋራዥ ብትወስዱትም ጥፋቱ አይገኝም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ፍሬኔ አንዳንዴ ይጠፋል» እያለ ምክንያቱን ሳያውቅ የሚኖረው። መድኃኒቱ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን አፍስሶ በአዲስ መቀየር ነው፤ ከሁሉም ማሻሻያ ርካሹ ይህ ነው። ክዳኑ ከርሞ የተከፈተ ጣሳ ደግሞ አትግዙ፤ እዚያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ውሃ ጠጥቷል።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀለሙን ትቼ ከፍሬን ጀመርኩ። የኋላው ታምቡር በአንድ ትልቅ ባለ 36 ዳዶ ታስሯል። ፋብሪካው 300 ኒውተን ሜትር ያህል እንዲጠብቅ ያዛል፤ አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ከማንጠልጠል ጋር እኩል ነው። ይህ ዳዶ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ሳለ ፈጽሞ አይነካም፤ ጎማዋ መሬት ይዞ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ማርሽ ገብቶ ነው የሚፈታው። የኛው አርባ ዓመት ያህል ያልተፈታ ነበር። ሦስት ቀን ላምባ እያጠጣን አቆየነው። እሑድ ጠዋት ቁልፉ ላይ ሁለት ሜትር የውሃ ቧንቧ አጠለቅንና እኔ ጫፉን ይዤ ተንጠለጠልኩ። ቧንቧው ጎበጠ፤ ዳዶው ንቅንቅ አላለም። ልጄ «አባዬ፣ ቆይ» ብላ ከጎኔ ያዘች፤ ሁለታችንም ሰውነታችንን ጣልንበት። ያኔ «ቋ» አለ። ዛፍ የተሰነጠቀ ነው የመሰለኝ፤ ጎረቤት አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ደህና ናችሁ?» አለን። ዳዶው የተንቀሳቀሰው ጥፍር ታህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በእጅ ወጣ። በሕይወቴ ብዙ ፈተና አርሜአለሁ፤ እንደዚያ ድምፅ ደስ ያሰኘኝ ጥቂት ነው።

ታምቡሩ ውስጥ ያየነው ነገር የመታደሱን ሥራ ሁሉ መልኩን ቀየረው። ሸራዎቹን ወደ ታምቡሩ የሚገፋው ትንሹ ፖምፓ ዝጎ አንዱ ጎኑ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። የፊቱን ሸራ አድሼ የኋላውን የሞተ ፖምፓ ረስቼው ነበር። አራቱንም ቀየርን። የፍሬኑን ዘይት ወደ እግሮቹ፣ ወደ አራቱ ጎማዎች፣ የሚወስዱት የላስቲክ ቱቦዎች ከውጭ ደህና ይመስላሉ፤ በምላጭ ሰንጥቄ ባየው ውስጡ አብጦ መርፌ የማያስገባ ሆኗል። እነሱንም ቀየርን። ከዚያ ወደ እውነተኛው ማሻሻያ መጣን። የ1964ቷ ቮልስ የፍሬን መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም እግር ፍሬን ያጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተሠሩት ቮልሶች የፊትና የኋላ መስመሩን የሚለይ፣ ፔዳሉ የሚገፋው ባለ ሁለት ክፍል ዋና ፖምፓ አላቸው፤ በጥቂት ማስተካከያ በአሮጌዋ ላይ ይገጠማል። የካሊፎርኒያ ልጆች የ1939ኙን ፍሬን ወስደው በ1932ቱ ላይ እንደገጠሙት መሆኑ ነው፤ ያንኑ መኪና ታናሽ ወንድሙ በተሻለበት ነገር ማሻሻል። ስትጨርሱ አየሩን ታስወጣላችሁ፤ ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው እግር ትጀምሩና ወደ ቅርቡ ትመጣላችሁ። ልጄ ወንበሩ ላይ ሆና «ረገጥኩ» ትላለች፣ እኔ ከሥር የአየር ማስወጫ ቡሎኗን ላላ አደርጋለሁ፣ አረፋው ይወጣል፣ አጠብቃለሁ፣ «ልቀቂ» እላታለሁ። አረፋ እስኪጠፋ ድረስ እንዲህ እያልን አመሸን።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ልጨምር። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ቃጫ አለበት። ታምቡር ስትከፍቱ አቧራውን በአፋችሁም በኮምፕሬሰርም አትንፉት፤ ውሃ አርከፍክፋችሁ በጨርቅ አንሱትና ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥርም አትግቡ፤ ጠንካራ ማቆሚያ ብረት ከሌላችሁ ሥራው ይቆይ።

አሁን ወደ ሞተሩ ልምጣ፤ እናንተ ወጣቶች የምትጠብቁት እሱን ስለሆነ። የአባቴ ቮልስ 1,200 ሲሲ ሆና 34 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ያ ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕሩ 70 በመቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር ሲያንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ያንሳል፤ እዚህ ቆመን ያለን 25 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ካርቡራተሩ ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቤንዚን የሚያሳልፈው በዚያችው የባሕር ወለል ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ ድብልቁ ከሚገባው በላይ 15 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። በየጠዋቱ አደባባይ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፉ የሚነሱ አሮጌ መኪኖችን አይታችሁ «ሞተሩ አልቋል» ስትሉ፣ ብዙዎቹ ሞተራቸው ደህና ነው፤ ከፍታው ነው ያሳሳታችሁ።

ስለዚህ ትልቅ ካርቡራተር ከመመኘት በፊት ያለውን ለአገሩ ማስማማት ይቀድማል። የሶሌክስ ካርቡራተር ዋና ጂግለር፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ቡሎን፣ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው። 127.5 የሚል ካገኛችሁ 1.275 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለደብረ ብርሃን በሒሳብ የሚወጣው ወደ 120 የሚጠጋ ነው። ግን ጥያቄያችንን አትርሱ፤ መኪናዋ የት ነው የምትሄደው? ደብረ ብርሃን ላይ በልኩ የተሰፋው ጂግለር ሮቢት ሲወርድ ይጠባል፤ እዚያ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል። የኔዋ ሁለቱንም ስለምትመላለስ መሃሉን፣ 122.5 ያዝኩላት። እዚህ ትንሽ ይበዛባታል፣ እዚያ ሲወርድ አትቃጠልም። ልክ መሆኑን የሚነግራችሁ ሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላው ነው። ጥሩ መንገድ ከነዳችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ ካንዴላውን ፍቱ፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ የተቆላ ገብስ መልክ ከያዘ ደህና ነው። አራቱንም ፍቱ፤ በተለይ ሦስተኛውን ሲሊንደር።

ስለ ሦስተኛው ሲሊንደር ብቻ አንድ ሙሉ ምሽት ማውራት እችላለሁ፤ ላሳጥረው። ቮልስ ውሃ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በቬንቲላተሯ ንፋስ ነው። ይህ ለእኛ በረከት ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባለ ራዲያተር አሮጌ መኪኖች ክዳናቸው በደንብ ካልጠበቀ ዳገት ላይ ይፈላሉ። ቮልስ ከዚያ ነፃ ናት። ግን ቀጭን አየር ሙቀትን የሚወስደው በቀጭኑ ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደው ንፋስ መንገድ ላይ ስለሆነ ያ ሲሊንደር ከወንድሞቹ ይልቅ ይግላል። ስለዚህ በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን የላሜራ መሸፈኛዎችና የጎማ ጠርዞቻቸውን አትጣሉ። አንዳንድ ሰው ሞተሩ ተገልጦ እንዲታይ ብሎ ያነሳቸዋል፤ ፎቶው ያምራል፣ ሞተሩ ግን ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ቺንጊያው ከተበጠሰም እዚያው ቁሙ፤ ቬንቲላተሩን የሚያዞረው እሱ ነው፣ ዲናሞውንም። ቀይ መብራት በራ ማለት መቆም ማለት ነው። መለዋወጫ ቺንጊያ ሳይዙ ከከተማ መውጣት የለም። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ማጣሪያዋም ወንፊት እንጂ ሌላ አይደለም፤ በአቧራ መንገድ የምትነዱ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። የነዳጁ የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ዛሬውኑ ለውጡት፤ የሞተሩ ገላ ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ነው፣ እሳት ከተያያዘ አይመለስም።

ኤሌክትሪኩን በፍጥነት ልለፈው። የኔዋ ባለ 6 ቮልት ነበረች። 60 ዋት መብራት በ6 ቮልት 10 አምፔር ይጠይቃል፣ በ12 ቮልት 5 ብቻ፤ አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ በሽቦው ላይ የሚባክነው ወደ ሩብ ይወርዳል። በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ሞተር ለሚያስነሳ ሰው ይህ ልዩነት ብዙ ነው። ባትሪው፣ ዲናሞው፣ መቆጣጠሪያው፣ ኮይሉና አምፖሎቹ በሙሉ ይቀየራሉ። ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ስትቀይሩ ግን እሱ የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ጎማ፣ የፍላይዊሉን፣ ጥርስ ቁጠሩ፤ የ6 ቮልቱ 109፣ የ12 ቮልቱ 130 ነው፤ ሳይቆጥሩ የገዛ ሰው ጥርስ ሲፋጭ ይሰማል።

ዝገቱ ላይ ግን መቆየት አለብኝ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ስለሆነ። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱም የክረምቱ ውሃም እዚያው ይወርዳል። ወንበሩን አንስተን ወለሉን በካቻቪቴ ስነካው ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ፤ መሬቱ በቀዳዳው ታየ። በዚህ ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ራስን ማታለል ነው። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ያለው ብረት መዛጉን ይቀጥላል፣ በሁለት ክረምት እንደ ቅርፊት ይነሳል። የዛገው እስከ ደህናው ብረት ድረስ ተቆርጦ መውጣት አለበት። መጀመሪያ በካርቶን ቅርጹን ቁረጡ፣ ቦታው ላይ አስቀምጡና አስተካክሉ፣ ከዚያ ካርቶኑን ላሜራው ላይ አድርጋችሁ ሥሩት። የብየዳው ሥራ ለባትላሜራ ቢሰጥም መለካቱንና ማጽዳቱን ራሳችሁ ብትሠሩት ወጪው በብዙ ይቀንሳል፤ ሥራውም ይጠራል።

እዚህም አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ። በበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ባዶ የብረት ቱቦ አለ፤ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር የሚያልፍበት ነው። ይህ ቱቦ ማሞቂያ ብቻ ሳይሆን የገላዋ አጥንትም ነው። የበሰበሰውን ቱቦ ገላዋን ሳልደግፍ ቆረጥኩት። ሌሊቱን ገላዋ በራሷ ክብደት መሃል ላይ ጎበጠ። ጠዋት በሩን ልዘጋ ስል መቆለፊያው ከቦታው በጣት ስፋት ዝቅ ብሏል። ጋሼ መጥተው ዝም ብለው አዩና ከበሩ ክፈፍ ጥግ እስከ ጥግ ብረት በየዱልን፣ በክሪክ ቀስ በቀስ አነሱት፣ በሩ ሲዘጋ ብቻ አዲሱን ቱቦ አስበየዱን። ያ ሥራ ሁለት ወር ወሰደብን። ቱቦ ከመቁረጣችሁ በፊት በሩን ግጠሙ፣ ዝጉ፣ ክፈፉን ደግፉ፤ በሩ ራሱ መለኪያ ይሆናችኋል።

ስለ ቀለም የምለው የለኝም፤ መጨረሻ ይሁን።

አንድ ሁለት ነገር ደግሞ ስለ ሕጉ። ሊብሬያችሁ ላይ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥርና ቀለም ተጽፏል። ሞተር ስትቀይሩ ወይም ቀለም ስትለውጡ መጀመሪያ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ሠርቶ ጨርሶ ለቦሎ ምርመራ ሲሄድ የሚጉላላ ብዙ ነው። የሻንሲ ቁጥር ያለበትን ብረት በዝገት ምክንያት እንዳትቆርጡት።

«ዕቃው ከየት ይገኛል?» ለሚል መልስ አለኝ። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ነው የወጣችው። ስለዚህ ዕቃው ዛሬም በውጭ ይመረታል፣ አዲስ አበባም ይገኛል። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መከልከሉን ታውቃላችሁ። እኔ ኤሌክትሪኩን አልጠላም፤ መንገዱ ወደዚያ ነው። ግን በየግቢው ሸራ ለብሰው የቆሙት ቮልሶች፣ ፊያቶች፣ ፔጆዎች ምትክ የላቸውም ማለት ነው። በግራይንደር ተቆርጠው ለብረት ከተሸጡ ሄዱ። በየከተማችን ፍሬን መፍታትና ካንዴላ ማንበብ የሚችል ወጣት ካለ ግን ይኖራሉ። እዚህ የመጣሁት ለዚህ ነው፤ ከልቤ የምመኘውም ይህንን ነው።

ባለፈው ጥቅምት እንደገና ወረድን፤ ያው አራት ሰው። ከዋሻው በፊት ቆምኩና ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለውን የድሮ ሹፌሮች ትእዛዝ ይዤ። ፍሬን ስረግጥ ጠንከር አድርጌ ረግጬ እለቃለሁ፤ እግሬን ተክዬ አልሄድም፣ ታምቡሩ መሃል መሃል ላይ እንዲተነፍስ። ደብረ ሲና ላይ ወርጄ እጄን ወደ አራቱም ታምቡር አስጠጋሁ። ሦስቱ ትኩስ ናቸው ግን ያስጠጋሉ፤ የፊት ቀኙ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። ሸራው ተጠግቶ እየነካ ነበር። እዚያው መንገድ ዳር በካቻቪቴ ማስተካከያዋን ሁለት ጥርስ መለስኳት። ሮቢት ስንደርስ አራቱም እኩል ነበሩ፤ ፔዳሉም ጠዋት ከቤት ስነሳ ከነበረበት አልወረደም።

የሚቀጥለው ሥራ የፊት እግሮቹን በዲስክ መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ 1500 የምትባለዋ ቮልስ አውሮፓ ውስጥ የፊት ዲስክ ይዛ ወጥታለች፤ ዕቃውን እያፈላለግሁ ነው። አሁን ኮታችሁን ደርቡና ወደ ደጅ እንውጣ። ባለ 36 ቁልፉና ቧንቧው የኋላ ወንበሩ ላይ ነው፤ ሞተሯ ገና አልቀዘቀዘምና ሦስተኛውን ካንዴላ የሚፈታ ሰው ጓንት ያድርግ።